የኢትዮጵያ ብሔራዊ እግር ኳስ ቡድን ከደሴት አገሮች ጋር ያስመዘገበው ውጤት

የኢትዮጵያ ብሔራዊ እግር ኳስ ቡድን ከ2003 እስከ 2014 ዓ.ም ባሉት ዓመታት በአፍሪካ ዋንጫና በዓለም ዋንጫ ማጣሪያዎች እንዲሁም በአፍሪካ ዋንጫ የመጨረሻ ውድድር ከአራት የአፍሪካ ደሴት አገሮች ጋር ዘጠኝ ጊዜ ተጫውቷል፡፡ ከዘጠኙ ጨዋታዎች አምስቱን አሸንፏል፣ በአንዱ አቻ ተለያይቷል፣ በሦስቱ ደግሞ ተሸንፏል፡፡ በእነዚሁ ጨዋታዎች 15 ግቦችን ሲያስቆጥር 7 ግቦች ተቆጥረውበታል፡፡

ተጋጣሚዎቹ ማዳጋስካር፣ ሲሸልስ፣ ሳኦቶሜና ፕሪንሲፔ እንዲሁም ኬፕ ቨርዴ ናቸው፡፡ ከማዳጋስካር በስተቀር ሦስቱ በሕዝብ ብዛት ከአህጉሪቱ እጅግ አነስተኛ ከሆኑት አገሮች የሚመደቡ ናቸው፡፡ የሲሸልስ ሕዝብ ከ100 ሺህ ብዙም የማይርቅ ሲሆን የሳኦቶሜና ፕሪንሲፔ 200 ሺህ፣ የኬፕ ቨርዴ ደግሞ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ነው፡፡ ለንጽጽር ያህል በ1999 ዓ.ም በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ አዲስ አበባን ከሚያዋስኑት ከተሞች መካከል ሰበታና ቡራዩ እያንዳንዳቸው ወደ 50 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ነበራቸው፡፡ በሌላ አነጋገር የሁለቱ ከተሞች ነዋሪ ተደምሮ በዚያን ጊዜ ከሲሸልስ ሕዝብ ጋር የሚቀራረብ ነበር ማለት ነው፡፡

በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት እ.ኤ.አ ተብሎ ካልተገለጸ በስተቀር በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው፡፡

የጨዋታዎቹ ዝርዝር

- መስከረም 2003፣ ማዳጋስካር 0 ኢትዮጵያ 1፣ በማዳጋስካር፣ የእ.ኤ.አ 2012 የአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ
- መስከረም 2004፣ ኢትዮጵያ 4 ማዳጋስካር 2፣ በኢትዮጵያ፣ የእ.ኤ.አ 2012 የአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ
- ነሐሴ 2007፣ ሲሸልስ 1 ኢትዮጵያ 1፣ በሲሸልስ፣ የእ.ኤ.አ 2017 የአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ
- መስከረም 2008፣ ሳኦቶሜና ፕሪንሲፔ 1 ኢትዮጵያ 0፣ በሳኦቶሜ፣ የእ.ኤ.አ 2018 የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ
- መስከረም 2008፣ ኢትዮጵያ 3 ሳኦቶሜና ፕሪንሲፔ 0፣ በኢትዮጵያ፣ የእ.ኤ.አ 2018 የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ
- ነሐሴ 2008፣ ኢትዮጵያ 2 ሲሸልስ 1፣ በሐዋሳ፣ የእ.ኤ.አ 2017 የአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ
- ኅዳር 2012፣ ማዳጋስካር 1 ኢትዮጵያ 0፣ በማዳጋስካር፣ የእ.ኤ.አ 2021 የአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ
- መጋቢት 2013፣ ኢትዮጵያ 4 ማዳጋስካር 0፣ በባሕር ዳር፣ የእ.ኤ.አ 2021 የአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ
- ጥር 2014፣ ኬፕ ቨርዴ 1 ኢትዮጵያ 0፣ በካሜሩን ያውንዴ፣ የእ.ኤ.አ 2021 የአፍሪካ ዋንጫ ምድብ ጨዋታ

ዝርዝሩ በሜዳ ሲከፈል ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል፡፡ ብሔራዊ ቡድኑ በአገሩ ካደረጋቸው አራት ጨዋታዎች አራቱንም ያሸነፈ ሲሆን 13 ግቦችን አስቆጥሮ 3 ብቻ ተቆጥረውበታል፡፡ ወደ ደሴቶቹ ተጉዞ ካደረጋቸው አራት ጨዋታዎች ግን ያሸነፈው አንዱን ነው፤ በአንዱ አቻ ሲለያይ በሁለቱ ተሸንፏል፤ ያስቆጠራቸው ግቦችም ሁለት ብቻ ናቸው፡፡ ዘጠነኛው ጨዋታ በገለልተኛ ሜዳ የተካሄደ ሲሆን እርሱም በሽንፈት ተጠናቋል፡፡

ሁለት ነጥብ ያሳጣው አቻ ውጤት

ከእነዚህ ውጤቶች መካከል ከፍተኛ ዋጋ ያስከፈለው በነሐሴ 2007 ከሲሸልስ ጋር የተደረገው የአቻ ጨዋታ ነው፡፡ ኢትዮጵያ በእ.ኤ.አ 2017 የአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ከአልጄሪያ፣ ከሲሸልስና ከሌሶቶ ጋር ተደልድላ ምድቡን አልጄሪያ በ16 ነጥብ በአንደኝነት ስትጨርስ ኢትዮጵያ በ11 ነጥብ ሁለተኛ ሆናለች፡፡ በወቅቱ በነበረው ደንብ መሠረት የየምድቡ አንደኞች በቀጥታ የሚያልፉ ሲሆን ሁለተኛ ከወጡት ቡድኖች መካከል ደግሞ የተሻለ ውጤት ያላቸው ሁለት ቡድኖች ብቻ ወደ ጋቦን የመሄድ ዕድል ነበራቸው፡፡

ዕድሉን ያገኙት ዩጋንዳ በ13 ነጥብ፣ ቶጎ ደግሞ በ11 ነጥብ ነበሩ፡፡ ኢትዮጵያ ከቶጎ ጋር እኩል ነጥብ ብትይዝም በግብ ልዩነት ተበልጣ ከውድድሩ ውጪ ሆናለች፡፡ ቡድኑ በአልጄሪያ ሜዳ 7 ለ 1 መሸነፉ የግብ ልዩነቱን ወደ ታች የሳበው ቢሆንም በሲሸልስ የጣላቸውን ሁለት ነጥቦች ይዞ ቢመለስ ኖሮ 13 ነጥብ ስለሚኖረው የግብ ልዩነት ስሌት ውስጥ ሳይገባ ለውድድሩ ያልፍ ነበር፡፡ የ100 ሺህ ሕዝብ አገር በሜዳዋ ያገኘችው አንድ ነጥብ ከ90 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላትን አገር ከአህጉራዊው መድረክ ያስቀረበት ሁኔታ በዚህ ስሌት ይገለጻል፡፡

በሳኦቶሜና ፕሪንሲፔ የደረሰው የ1 ለ 0 ሽንፈት ግን በቀናት ውስጥ በተደረገው የመልስ ጨዋታ በ3 ለ 0 ድል በመካካሱ ኢትዮጵያ በደርሶ መልስ ውጤት 3 ለ 1 አሸንፋ ወደ ቀጣዩ ዙር አልፋለች፡፡ በቀጣዩ ዙር በኮንጎ ብራዛቪል ተሸንፋ ከዓለም ዋንጫ ማጣሪያው ተሰናብታለች፡፡ በጥሎ ማለፍ የደርሶ መልስ ውድድር ከሜዳ ውጪ የተፈጸመን ስህተት በሜዳ ማረም ይቻላል፤ በምድብ ማጣሪያ ግን የጠፋ ነጥብ በማጣሪያው መጨረሻ ላይ በሂሳቡ ውስጥ ይቆጠራል፡፡

የባሕር ዳሩ ድልና የሰበታ ከተማ አሠልጣኞች

የእ.ኤ.አ 2021 የአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ይህንኑ የሜዳ ልዩነት በግልጽ አሳይቷል፡፡ ኢትዮጵያ ከኮትዲቯር፣ ከማዳጋስካርና ከኒጀር ጋር በተደለደለችበት ምድብ በሜዳዋ ያደረገቻቸውን ሦስት ጨዋታዎች በሙሉ አሸንፋለች፤ ኮትዲቯርን 2 ለ 1፣ ኒጀርን 3 ለ 0፣ ማዳጋስካርን 4 ለ 0፡፡ ከሜዳዋ ውጪ ያደረገቻቸውን ሦስት ጨዋታዎች ደግሞ በሙሉ ተሸንፋለች፡፡ ያገኘችው 9 ነጥብ በአጠቃላይ በአገር ውስጥ የተሰበሰበ ነው፡፡ ማዳጋስካር በመጨረሻው ጨዋታ ከኒጀር ጋር ያለ ግብ በመለያየቷ በ8 ነጥብ ስትቀር ኢትዮጵያ በአንድ ነጥብ ብልጫ ከስምንት ዓመታት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አልፋለች፡፡ ማዳጋስካር በእ.ኤ.አ 2019 የአፍሪካ ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሳትፋ ናይጄሪያን በማሸነፍ እስከ ሩብ ፍጻሜ የደረሰች ቡድን እንደነበረች ሲታሰብ የባሕር ዳሩ ድል የሚሰጠው ግምት ከፍ ያለ ነው፡፡

ይህ ማጣሪያ ከሰበታ ከተማ ጋር የሚያገናኘው ታሪክም አለ፡፡ በማጣሪያው መጀመሪያ በኅዳር 2012 በማዳጋስካር የተሸነፈውንና በቀናት ልዩነት ኮትዲቯርን በባሕር ዳር የረታውን ቡድን የመሩት አሠልጣኝ አብርሃም መብራቱ ነበሩ፡፡ በዚያው የውድድር ዘመን በፕሪሚየር ሊጉ ይወዳደር የነበረው የሰበታ ከተማ ክለብ አሠልጣኝ ደግሞ ውበቱ አባተ ነበሩ፡፡ የ2012 የሊግ ውድድር በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ከተሰረዘ በኋላ በ2013 ዓ.ም መግቢያ አሠልጣኝ ውበቱ ብሔራዊ ቡድኑን ሲረከቡ አሠልጣኝ አብርሃም በበኩላቸው ወደ ሰበታ ከተማ አምርተዋል፡፡ ማዳጋስካርን 4 ለ 0 ያሸነፈው ቡድን በቀድሞው የሰበታ አሠልጣኝ ሲመራ የሰበታ ክለብ ደግሞ በቀድሞው የብሔራዊ ቡድን አሠልጣኝ ይመራ ነበር፡፡ ይህም በአንድ የከተማ አስተዳደር የሚደገፍ ክለብ ለብሔራዊ ቡድኑ ምን ያህል ቅርብ ሊሆን እንደሚችል የሚያመለክት ነው፡፡ ሰበታ ከተማ በ2014 የውድድር ዘመን መጨረሻ ከፕሪሚየር ሊጉ ወርዷል፡፡

የቡራዩ ከተማ ክለብም በከፍተኛ ሊግ ደረጃ ተወዳድሯል፡፡ ሱሉልታ በአንጻሩ ይበልጥ የምትታወቀው በአትሌቲክስ ሲሆን አትሌት ቀነኒሳ በቀለ ያስገነባው የመሮጫ ትራክ በዚያው ይገኛል፡፡ ሦስቱም ከተሞች በ2015 ዓ.ም በተመሠረተው የሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተካተዋል፡፡

አትሌቶች ሱሉልታን የሚመርጡበት ምክንያት ከእግር ኳሱም ጋር የተያያዘ ነው፡፡ ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች፡፡ በአንጻሩ የሲሸልስ፣ የሳኦቶሜና የኬፕ ቨርዴ ዋና ከተሞች በባሕር ዳርቻ የተቆረቆሩ ናቸው፡፡ በከፍታ ቦታ አየሩ ስስ በመሆኑ ከዝቅተኛ ቦታ የሚመጣ ተጫዋች ቶሎ ይደክማል፡፡ የደጋፊው ብዛትና የጉዞ ድካም ሲጨመሩበት የኢትዮጵያ ቡድን በሜዳው ያለው ብልጫ ከዚህ እንደሚመነጭ መገመት አያዳግትም፡፡

ኬፕ ቨርዴና የስታዲየም ጉዳይ

ኢትዮጵያ በጥር 2014 በያውንዴ ከኬፕ ቨርዴ ጋር ስትጫወት ተከላካዩ ያሬድ ባየህ በጨዋታው መጀመሪያ ላይ በቀይ ካርድ በመውጣቱ ቡድኑ አብዛኛውን ጊዜ በአሥር ተጫዋቾች ለመጫወት ተገዷል፡፡ ግቧ የተቆጠረችውም በመጀመሪያው አጋማሽ ማብቂያ ላይ ነው፡፡ ከዚያ በኋላ በካሜሩን 4 ለ 1 ተሸንፎ ከቡርኪና ፋሶ ጋር 1 ለ 1 የተለያየው ቡድን ከምድቡ ሳያልፍ ቀርቷል፡፡

ኬፕ ቨርዴ ከፖርቱጋል ነፃ የወጣችው እ.ኤ.አ በ1975 ሲሆን ፊፋን የተቀላቀለችውም እ.ኤ.አ በ1986 ነው፡፡ ኢትዮጵያ በአንጻሩ እ.ኤ.አ በ1957 ከግብፅ፣ ከሱዳንና ከደቡብ አፍሪካ ጋር የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን ከመሠረቱት አራት አገሮች አንዷ ስትሆን ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም በአዲስ አበባ ስታዲየም የዛሬዋን ግብፅ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካ ዋንጫን ወስዳለች፡፡ ይሁን እንጂ ደሴቲቱ አገር በአውሮፓ የሚኖሩ ትውልደ ኬፕ ቨርዴያውያን ተጫዋቾችን በማሰባሰብና በዋና ከተማዋ ፕራያ እ.ኤ.አ በ2014 የተመረቀውን 15 ሺህ ተመልካች የሚይዝ ብሔራዊ ስታዲየም በመጠቀም ደረጃዋን ከፍ አድርጋለች፡፡ በጳጉሜን 2017 ካሜሩንን፣ ጥቅምት 3 ቀን 2018 ዓ.ም ደግሞ ኢስዋቲኒን በዚያው ሜዳ 1 ለ 0 እና 3 ለ 0 በማሸነፍ በታሪኳ ለመጀመሪያ ጊዜ ለእ.ኤ.አ 2026 የዓለም ዋንጫ አልፋለች፡፡

የኢትዮጵያ ሁኔታ በእነዚሁ ዓመታት የተለየ ነበር፡፡ በ2014 ዓ.ም መጀመሪያ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የአገሪቱ ስታዲየሞች ደረጃውን አላሟሉም በማለቱ ብሔራዊ ቡድኑ በአስተናጋጅነት የተመደበለትን ጨዋታ በሰው አገር ለማድረግ ተገዷል፡፡ በኅዳር 2014 ጋናን ያስተናገደው በጆሃንስበርግ፣ በሰኔ 2014 ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፈው ደግሞ በማላዊ ሊሎንግዌ ነበር፡፡ በተከታዮቹ ዓመታትም በሞሮኮ ያስተናገዳቸው ጨዋታዎች አሉ፡፡ የግብፁ ድል እንደሚያሳየው ቡድኑ በገለልተኛ ሜዳም ታላላቅ ተጋጣሚዎችን መርታት ይችላል፡፡ ሆኖም የአገሩን ከፍታ፣ ደጋፊውንና የለመደውን ሜዳ ያጣ ቡድን ሁሉንም ጨዋታ ከሜዳው ውጪ እንደሚያደርግ ይቆጠራል፡፡

ከደሴት አገሮች ጋር የተመዘገበው ውጤት ይህ ምን ማለት እንደሆነ በቁጥር ያስቀምጠዋል፡፡ በሜዳ አራት ጨዋታ፣ አራት ድል፤ ከሜዳ ውጪ አራት ጨዋታ፣ አንድ ድል፡፡ ለስፖርት መሠረተ ልማት በጀት የሚመድቡ የፌዴራል፣ የክልልና የከተማ አስተዳደር አካላት የመልበሻ ክፍል፣ የመብራት፣ የመቀመጫና የሜዳ ሣር ሥራዎችን ከዚህ አንጻር ሊመዝኗቸው ይገባል፡፡ በማጣሪያ ውድድር የአንድ ወይም የሁለት ነጥብ ልዩነት አገርን እንደሚያሳልፍ በባሕር ዳር፣ እንደሚያስቀርም በሲሸልስ ታይቷል፡፡