የራስ ሞተር፣ የጋራ መስመር፦ ቃሊቲ ከአባ ሳሙኤል እስከ ክላውድ

በአቃቂና በቃሊቲ የሚሠራ ድርጅት የሚያስፈልገውን አገልግሎት በግቢው ያምርት ወይስ ከማዕከል ይግዛ የሚለው ምርጫ ኮምፒዩተር ከመምጣቱ ከብዙ አሥርት ዓመታት በፊት በኤሌክትሪክ የተነሣ ነው። ሰርቨርን በቢሮ አቁሞ በማስተዳደርና ክላውድ በመከራየት መካከል ያለው የዛሬው ምርጫ የዚያው ተከታይ ነው። የአካባቢው የፋብሪካና የመጋዘን ኃላፊዎች ለዚህኛው ጥያቄ የሚሰጡትን መልስ ለመረዳትም መብራቱ ያስተማራቸውን ማወቅ ይጠቅማል።

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ መብራት የበራው በ1890 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ሲሆን፣ ኃይሉ የሚመጣው እዚያው ከተተከለ ጄኔሬተር ነበር። ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ፣ በ1904 ዓ.ም.፣ በአቃቂ ወንዝ ላይ አነስተኛ የውሃ ኃይል ማመንጫ ተሠራ። የተሠራውም በአዲስ አበባ ለተቋቋሙ ትናንሽ ፋብሪካዎች ኃይል እንዲሰጥ ነበር። በቤተ መንግሥቱና በፋብሪካዎቹ ተወስኖ የነበረው መብራት ቀስ በቀስ በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ወዳሉ የሕዝብ ቦታዎችና ዋና ጎዳናዎች ተዘረጋ። ለጥቂት ተጠቃሚዎች የተሠራ ማመንጫ ትርፉን ለሌሎች ማካፈል ሲጀምር የጋራ መስመር ተወለደ።

የባቡሩ ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ አቃቂ ከዋና ከተማዋ በፊት ያለ ጣቢያ ሆነች። ሜዳው ሰፊ፣ ወንዙ ቅርብ፣ ጭነቱም በሐዲድ የሚመጣ ስለሆነ ቦታው ለኢንዱስትሪ የተመቸ ነበር። በ1927 ዓ.ም. የተመረቀው የሬዲዮ ጣቢያም እዚሁ አቃቂ ላይ ተተከለ። ከአቃቂ ከተማ ወረድ ብሎ በዚያው ወንዝ ላይ የተሠራው የአባ ሳሙኤል ግድብ 6.6 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ነበረው። ዛሬ ቁጥሩ ያስቃል። በጊዜው ግን የአዲስ አበባ ዋና የኃይል ምንጭ ነበር።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ በየቦታው የቀሩት ማመንጫዎች በጠላት ንብረት አስተዳደር ሥር ቆዩ፤ ከዚያ የሸዋ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ በ1948 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ተቋቋመ። ሕዝቡ እስከ ዛሬ የሚጠቀምበት «መብራት ኃይል» የሚለው ስም የመጣው ከእሱ ነው። በ1952 ዓ.ም. የቆቃ ግድብ 43.2 ሜጋ ዋት ይዞ ሲመጣ ሚዛኑ ወደ ማዕከል አጋደለ። አንድ ግድብ የስድስት አባ ሳሙኤልን ያህል ኃይል ከሰጠ፣ የኢንዶ ኢትዮጵያ ጨርቃ ጨርቅ በሚል ስም የተጀመረውን የአቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካን የመሰለ ትልቅ ድርጅት ኃይሉን ሁሉ በራሱ ሞተር የሚያመነጭበት የዋጋ ምክንያት አልነበረም። የአዋሽ ሁለት እና ሦስት ማመንጫዎችም ተከተሉ። አባ ሳሙኤል ራሱ በደለል እየተሞላና ዕቃው እያረጀ በ1962 ዓ.ም. ገደማ ማመንጨት አቆመ። ሐይቁን በኋላ እምቦጭ ወረሰው።

መብራት ኃይል ራሱም ቢሆን ሥራውን በሁለት መዝገብ ነበር የሚይዘው፦ በአንዱ ከግድቦቹ ጋር በመስመር የተያያዙት ከተሞች፣ በሌላው በየራሳቸው ናፍጣ ሞተር የሚኖሩት ነበሩ። ቃሊቲ ሁልጊዜ በመጀመሪያው መዝገብ ውስጥ ነበረች። ይህ ማለት ግን መብራት አይጠፋም ማለት አይደለም። መስመሩ ሲጎዳ፣ ትራንስፎርመር ሲቃጠል፣ ክረምቱ ሲዘገይ ፋብሪካው ይቆማል። በ1967 ዓ.ም. ጥር ላይ ታላላቅ ፋብሪካዎች ወደ መንግሥት ከተዛወሩ በኋላም ሆነ ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ የግል ድርጅቶች በአካባቢው ሲበዙ ጄኔሬተሩ ከግቢው አልወጣም፤ ሥራው ብቻ ተለወጠ። ድሮ ዋና ምንጭ የነበረው ሞተር መጠባበቂያ ሆነ። በመብራት ኃይል መስመርና በጄኔሬተሩ መካከል የቆመው «ቼንጅ ኦቨር» የሚባለው ማብሪያ በአካባቢው ፋብሪካዎች የተለመደ ዕቃ ነው፤ መብራት ሲሄድ ኤሌክትሪሽያኑ ወደ ጄኔሬተሩ ይገለብጠዋል፣ ሲመጣ ይመልሰዋል። በ2011 ዓ.ም. ግንቦት የግድቦች ውሃ ቀንሶ በመላ አገሪቱ ፈረቃ ሲታወጅ የናፍጣ ወጪው ከብዶም ቢሆን ሥራውን ያስቀጠለው ይኸው ማብሪያ ነበር። የሚገርመው አባ ሳሙኤል በቻይና እርዳታ ታድሶ ሥራ የጀመረው ከዚያ ሁለት ዓመት ብቻ ቀደም ብሎ፣ በ2009 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት የተመረቀው ግልገል ጊቤ ሦስት 1,870 ሜጋ ዋት አቅም ሲኖረው የአባ ሳሙኤል ያው 6.6 ነው።

በውሃም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። የአቃቂ የከርሰ ምድር ውሃ የአዲስ አበባ አንዱ ትልቅ ምንጭ ሆኖ ሳለ፣ ብዙ ውሃ የሚፈልጉ ድርጅቶች በግቢያቸው የራሳቸውን ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፍረዋል።

ኮምፒዩተር ወደ አገሪቱ የገባው በ1950ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ሲሆን፣ ከመጀመሪያዎቹ ተጠቃሚዎች መካከል ምድር ባቡር፣ መብራት ኃይልና አየር መንገድ ይገኛሉ። ሦስቱም ብዙ ደንበኛና ብዙ ሒሳብ ያላቸው ናቸው። መሣሪያው ውድ ከመሆኑ የተነሣ በዓለም ዙሪያም ቢሆን ብዙ ድርጅት የሚጠቀምበት በኪራይ ነበር፤ አይቢኤም ማሽኖቹን ከማከራየት አልፎ እንዲሸጥ የተገደደው እ.ኤ.አ. በ1956 በአሜሪካ ፍርድ ቤት ስምምነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ደግሞ በሩቅ ያለን ትልቅ ኮምፒዩተር በስልክ መስመር በየተራ መጠቀም ተጀመረ። ስለዚህ በኮምፒዩተር ታሪክ ኪራይ ይቀድማል፤ በቢሮ ጥግ የራስን ሰርቨር ማቆም ማሽኑ ከረከሰ በኋላ የመጣ ልማድ ነው። በኢትዮጵያም በ1980 ዓ.ም. ገደማ የተቋቋመው ብሔራዊ የኮምፒዩተር ማዕከል ኮምፒዩተር ጥቂት ተቋማት ብቻ የሚያገኙት ዕቃ የነበረበት ዘመን ውጤት ነው።

ወደ ቃሊቲ ግቢዎች ኮምፒዩተር በብዛት የዘለቀው የግል ኮምፒዩተር ከረከሰ በኋላ ነው። መንገዱን የከፈተው የሒሳብ ሥራ ሲሆን፣ ፒችትሪ የተባለው የአሜሪካ ሶፍትዌር በኢትዮጵያ የሒሳብ ሠራተኞች ዘንድ የሙያው መለያ እስከመሆን ደረሰ። አምራቹ ስሙን ለውጦታል፤ የሥራ ማስታወቂያዎች ግን አሁንም «ፒችትሪ የሚችል» ይላሉ። መጀመሪያ በአንድ ማሽን ላይ ይጫናል፤ ድርጅቱ ሲያድግ አንዱ ኮምፒዩተር ሰርቨር ይሆንና ሌሎቹ በኬብል ይገናኙታል። መካከለኛ ድርጅት ውስጥ የሰርቨር ክፍል የሚባለው ብዙውን ጊዜ ከሒሳብ ክፍሉ በአሉሚኒየምና በመስታወት የተከፈለች ጠባብ ቦታ ናት፦ አንድ የግድግዳ ኤሲ፣ አንድ ዩፒኤስ፣ ስዊቹን የያዘ ካቢኔት፣ ሰርቨሩ። ብረት ከሚቆረጥበት ወይም ሲሚንቶ ከሚራገፍበት ግቢ አጠገብ ከሆነች ፋኑ በየጊዜው አቧራ ይጠረግለታል። ቅጂው በኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ይወሰድና ካዝና ውስጥ ይቀመጣል፤ ጥንቃቄ የሚያውቅ ድርጅት ከግቢ ውጭ ያወጣዋል፣ የማያውቀው እዚያው ሰርቨሩ ላይ ሰክቶ ይተወዋል። የኋለኛው ዓይነት ቅጂ እሳት ቢነሳ ወይም ሌባ ቢገባ ከዋናው ጋር አብሮ ይሄዳል።

ኢንተርኔት በ1989 ዓ.ም. አገልግሎት ሲጀምር ለእንዲህ ዓይነቱ ግቢ ትርጉሙ ኢሜይል ነበር። ከማዕከል ጋር መገናኘትን ግዴታ ያደረገው ገበያው ሳይሆን መንግሥት ነው፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ይህ ብዙም አይነሣም። በ1999 ዓ.ም. በወጣው ደንብ ቁጥር 139 የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ አስገዳጅ ሲሆን፣ የየሱቁና የየፋብሪካው ሽያጭ መረጃ ወደ ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ሰርቨር የሚተላለፍበት መንገድ ተከፈተ። ሁለተኛው ጉምሩክ ነው። ቃሊቲ የጉምሩክ ቅርንጫፍ ያለበት ቦታ ስለሆነ በአካባቢው የትራንዚተር ቢሮ በብዛት ይገኛል። የተባበሩት መንግሥታት የንግድና ልማት ጉባኤ ያዘጋጀው አሲኩዳ የተባለው ሥርዓት ለዓመታት ካገለገለ በኋላ፣ በድረ ገጽ በሚሠራ አዲስ የጉምሩክ ሥርዓት ተተካ። በ2012 ዓ.ም. ጥር ደግሞ ለልዩ ልዩ መሥሪያ ቤቶች የሚቀርበውን ፈቃድና ሰነድ በአንድ በር የሚያስተናግደው የኤሌክትሮኒክ የአንድ መስኮት አገልግሎት ተጀመረ። ትራንዚተሩ ዲክላራሲዮን ለማስገባት በየመስኮቱ ወረቀት ይዞ መቆሙ ቀነሰ። በምትኩ መስመሩ ሲቋረጥ መስኮቶቹ ሁሉ አንድ ላይ ይዘጋሉ፤ «ሲስተም የለም» የሚለው ቃልም የጉምሩክም የባንክም የዕለት ተዕለት መልስ ሆነ። ያን ቀን ዕቃው መጋዘን ያድራል፤ ለማደሩ የሚከፍለው ባለዕቃው ነው።

ክላውድ በሚል ስም የሚታወቀው ኪራይ በዓለም የተስፋፋው አማዞን እ.ኤ.አ. በ2006 የማከማቻና የማስሊያ አገልግሎቱን በኢንተርኔት ማከራየት ከጀመረ ወዲህ ነው። ለቃሊቲ ግን ማዕከሎቹ ሩቅ ነበሩ። በአፍሪካ የመጀመሪያዎቹ ትላልቅ የክላውድ ማዕከሎች የተከፈቱት በደቡብ አፍሪካ ሲሆን፣ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2019፣ አማዞን በ2020 ጀመሩ። ባሕር በር የሌላት አገር መረጃ ወደዚያ የሚደርሰው በጎረቤት አገሮች አልፎ የባሕር ውስጥ ኬብል ካገኘ በኋላ ነው። ይህ መንገድ ሊቋረጥ እንደሚችል አገሪቱ ሁለት ጊዜ በተከታታይ አየች፦ ከሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም. የባለሥልጣናት ግድያዎች በኋላ፣ ከዚያም ከሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. የድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተዘጋ። ሁለተኛው ሦስት ሳምንት ገደማ ቆየ። መዝገቡ በግቢው ሰርቨር ላይ ያለ ድርጅት ደረሰኝ መቁረጥና ደመወዝ ማዘጋጀት ይችል ነበር፤ መዝገቡን ውጭ አገር ያኖረ ግን መዳረሻ አልነበረውም። የ2012ቱ ሦስት ሳምንት የክላውድ ሻጮች ሊያስረሱት የማይችሉት ማስረጃ ሆኖ ቆይቷል።

ሚዛኑን ወደ ሌላው ወገን የመለሰው የኪራዩ ማዕከል ወደ አዲስ አበባ መቅረቡ ነው። በጎሮ አቅጣጫ ባለው የአይሲቲ ፓርክ ሬድፎክስ፣ ዊንጉ አፍሪካና ራክሲዮ የዳታ ማዕከሎቻቸውን ተክለዋል፤ ኢትዮ ቴሌኮምም የራሱን የክላውድ አገልግሎት ያቀርባል። ከቃሊቲ እስከ ጎሮ ያለው ፋይበር መንገድ ሲቆፈር ሊቆረጥ ቢችልም የባሕር ኬብል አያስፈልገውም። ማዕከሎቹ ራሳቸው ኃይል የሚወስዱት ቃሊቲ ከሚወስድበት ከዚያው ከአገሪቱ መስመር ነው፤ በየግቢያቸውም መጠባበቂያ ጄኔሬተር አላቸው። ልዩነቱ ጄኔሬተሩንም ማቀዝቀዣውንም ሌሊት የሚጠብቀውንም ባለሙያ ብዙ ደንበኛ ተካፍሎ መክፈሉ ላይ ነው። አንድ የብረታ ብረት ፋብሪካ ብቻውን ይህን ሁሉ ለአንድ ሰርቨር ቢያደርግ አያዋጣውም።

የገንዘቡ ሒሳብ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ተገለበጠ። ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ሆነ። ለውጭ የክላውድ ድርጅት በየወሩ በዶላር የሚከፍል ሰው ምንም ሳይጨምር ወጪው በብር እጥፍ ገደማ ሆነበት፤ ዶላሩን ማግኘቱ ራሱ ቀድሞም ችግር ነበር። ሰርቨሩን ከለውጡ በፊት ገዝቶ ያስገባ ድርጅት ይህ ጭማሪ አልነካውም። አዲስ ሰርቨር ሊገዛ የተነሣ ግን ያንኑ ምንዛሪ በአንድ ጊዜ ይጋፈጣል፤ ቀረጡም ከዋጋው ጋር ያድጋል። በዚያው ዓመት የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰዎች የግል መረጃ ከአገር የሚወጣበትን ሁኔታ ስለገደበ፣ የሠራተኛና የደንበኛ መዝገብ ላለው ድርጅት የአገር ውስጥ ኪራይን ከውጭው ይበልጥ አቅርቦታል።

በዚህ ምክንያት አካባቢው ወደ አንዱ ብቻ አልሄደም። ኢሜይልና ድረ ገጽ ቀድመው ወጥተዋል፤ እነሱን በቢሮ ሰርቨር ማስተዳደር ድካሙ ይበዛል፣ ለአንድ ቀን ቢቋረጡም ማምረት አይቆምም። የጉምሩክና የግብር ሥራ በመንግሥት ሥርዓት ላይ ስለሆነ ምርጫ የለበትም። የዕቃ መዝገብና የሚዛን ክብደት ግን መኪናው በር ላይ ቆሞ መስመር የሚጠብቅበት ጉዳይ ስላልሆነ በግቢው መቆየታቸው ትክክል ነው። ሒሳብ በመካከል ነው፦ አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ያለው ድርጅት በግቢው ያቆየዋል፣ መርካቶ ሱቅ አዳማ ደግሞ መጋዘን ያለው ወደ ኪራይ ያዘነብላል። በግቢው የቀረውም መዝገብ ቅጂው ማታ መስመሩ ሲቀል በከተማው ውስጥ ወዳለ ማዕከል እንዲላክ ማድረግ የካዝናውን ሃርድ ዲስክ ቦታ እየያዘ ነው።