ውልን የሚጠብቀው ማን ነው?

ሰው ከሰው ጋር አብሮ መሥራት ከጀመረበት ዘመን አንሥቶ በሁለት ነገሮች ሲተሳሰር ኖሯል፤ አንደኛው ፍቅር፣ ሁለተኛውም ውል ነው። ፍቅር ባለበት ዘንድ ውል ላያስፈልግ ይችላል። ፍቅር በሌለበት ግን ውል ከታጣ ደካማው በኃይለኛው እጅ እንደሚወድቅ የታወቀ ነው። ታዲያ ውሉን ራሱን የሚጠብቀው ማን ነው? ይህን ጥያቄ ያነሣሣብን የፎገራ ሜዳ አጨዳ ነው።

በአንድ የኅዳር ወር ወደ ጣራ ገዳም ለመሳለም ወጥተን ነበር። ከአዲስ ዘመን በላይ ካለው ከዚያ ደናም ተራራ ወርደን ወደ ወረታ ስንጓዝ፣ የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት የሚያጥለቀልቁት የፎገራ ሜዳ ሩዝ ደርሶለት አጫጆች ተሰልፈውበት አገኘን። በወንፈል የተሰበሰቡ ሰዎች ነበሩ። ዛሬ የአንዱን፣ ነገ የሌላውን ያጭዳሉ፤ የተቀበለ የተቀበለውን ያህል ቀን ይመልሳል። ከአጫጆቹ መካከል በዕድሜ የገፉትን ሽማግሌ ቀርበን፣ «አባቴ፣ ወንፈል ተቀብሎ ያልመለሰ ሰው ምን ይደረጋል?» ስንል ጠየቅናቸው። እሳቸውም ማጭዳቸውን ሳያሳርፉ፣ «ምን ይደረጋል ልጄ፤ በሚመጣው ዓመት ብቻውን ያጭዳላ» አሉን።

ይህን በምንነጋገርበት ጊዜ አንድ አውሮፕላን ከበላያችን ወደ ጎንደር አለፈ። እኛም ያን ጊዜ፣ ያ ከላይ የሚያልፈው አብራሪም እንደነዚህ አጫጆች የጉልበቱንና የዕውቀቱን ዋጋ በውል የሚቀበል ሠራተኛ መሆኑን አሰብን። የእርሱ ውል በወረቀት የሠፈረና በማኅበሩ በኩል የተፈረመ ሲሆን፣ ስሙም የኅብረት ስምምነት ይባላል። ይህ ስምምነት የፈረሰበት እንደሆነ እንደ ፎገራ ገበሬ «ብቻህን አጭድ» ብሎ እጁን መሰብሰብ ይችላልን? የሥራ ማቆም ነገር የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው።

በዚህ ረገድ የአሜሪካ አብራሪዎች ታሪክ ብዙ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1983 ኮንቲኔንታል የተባለው የአየር መንገድ ለኪሣራ ፍርድ ቤት አመልክቶ ከማኅበራት ጋር የተፈራረማቸውን ውሎች ሠረዘ፤ ደመወዝንም እጅግ ቀነሰ። አብራሪዎቹ በጥቅምት ወር ሥራ አቆሙ። ሆኖም ኩባንያው በሌሎች ሰዎች እየተካ መብረሩን ቀጠለ፤ የሥራ ማቆሙም እስከ 1985 ከተጓተተ በኋላ አብራሪዎቹ የተመኙትን ሳያገኙ ተፈጸመ። ይሁን እንጂ የሕግ አውጪው ምክር ቤት በ1984 ሕጉን አሻሽሎ፣ ማንም የከሠረ ኩባንያ አስቀድሞ ከማኅበሩ ጋር ሳይደራደርና ዳኛ ሳይፈቅድለት ውል እንዳይሠርዝ ደነገገ።

ከሃያ ዓመት በኋላ ዴልታ የተባለው የአየር መንገድ እንዲሁ በ2005 ኪሣራውን አስታወቀ፤ የአብራሪዎቹም ውል እንዲሻርለት ጠየቀ። 6,000 ያህል የሚሆኑት አብራሪዎች ውላችን ከተሻረ ሥራ እናቆማለን ሲሉ በከፍተኛ ድምፅ ወሰኑ። ነገር ግን የሁለቱም ወገን አሳብ በሚዛን ላይ ነበረ። አብራሪዎቹ ሥራ ቢያቆሙ ኩባንያው ሊዘጋና እንጀራቸው አብሮ ሊጠፋ ይችላል፤ ኩባንያውም ውሉን ቢያፈርስ የሚያበርርለት ሰው ያጣል። ስለዚህ ሦስት የግልግል ዳኞች ፍርድ ከመስጠታቸው በፊት በሚያዝያ 2006 ተስማሙ። አብራሪዎቹ ከደመወዛቸው ብዙ ተዉ፤ ውላቸውን ግን በፍርድ ከማጣት አዳኑት። ሥራ ማቆም ሳይደረግ፣ ይደረግ ይሆናል ተብሎ መታሰቡ ብቻ ለስምምነት እንዳበቃ ከዚህ እንረዳለን።

አሁን ወደ አገራችን ታሪክ እንመለስ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሲቋቋም በቲ.ደብልዩ.ኤ. እርዳታ ስለነበረ አብራሪዎቹም አስተዳዳሪዎቹም የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። የመጀመሪያው በረራ በመጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ተደረገ። ከዚያም እንደ ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ ያሉ ኢትዮጵያውያን የአዛዥነቱን ወንበር እየተረከቡ መጡ፤ በ1963 ዓ.ም. ደግሞ ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሥራ አስኪያጅ ሆኑ።

የሠራተኛውም መብት በዚሁ ዘመን ቀስ በቀስ ሕግ ለበሰ። የድሬዳዋ ምድር ባቡር ሠራተኞች ሕግ ሳይወጣላቸው በማኅበር ለመሰብሰብ ሞክረው ብዙ መከራ ደርሶባቸዋል። የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በ1948 ዓ.ም. ሰው ለሥራው ሲል በማኅበር እንዲሰበሰብ ፈቀደ። በ1954 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ድንጋጌ ወጣ፤ በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ተመሠረተ፤ በ1956 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 210 ጸና። በዚህ አዋጅ መሠረት ማኅበሩ በሠራተኛው ስም የኅብረት ስምምነት ለመዋዋል ሥልጣን አገኘ፤ ክርክርንም የሚያይ ቦርድ ተቋቋመ። እኛን የመሰሉ የመንግሥት ሠራተኞች ግን ከዚህ መብት ውጭ ነበሩ።

ከየካቲት 28 እስከ መጋቢት 2 ቀን 1966 ዓ.ም. የአንድነት ማኅበሩ በአገሪቱ ታሪክ የመጀመሪያውን አጠቃላይ የሥራ ማቆም አደረገ፤ መንግሥትም ጥያቄውን ለመቀበል ቃል ገባ። ነገር ግን ያ መንግሥት በዓመቱ አልነበረም። በመስከረም 1968 ዓ.ም. የማኅበሩን የተቃውሞ ጽሑፍ ያሠራጩ በነበሩ የአየር መንገድ ሠራተኞች ላይ ወታደሮች ተኩሰው የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ወዲያውም በአዲስ አበባ የአስቸኳይ ጊዜ ታወጀ። በዚያው ዓመት አዋጅ ቁጥር 64 ወጣ፤ አሮጌው የአንድነት ማኅበር ፈረሰ፤ ሥራ ማቆምም ከእጅ ወጣ። ማኅበር በስም ቢኖርም ወንፈሉን «አልመልስም» ያለውን የሚቀጣበት ምንም አልቀረለትም ነበር።

መብቱ በጽሑፍ የተመለሰው በአዋጅ ቁጥር 42/1985 ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 42 የመደራጀትን፣ የመደራደርንና ሥራ የማቆምን መብት አወጀ። ሆኖም በአዋጅ ቁጥር 377/1996 የአየር መጓጓዣ አገልግሎት ከመብራት፣ ከውሃ፣ ከሐኪም ቤትና ከእሳት አደጋ ጋር ተቆጥሮ ሥራ ማቆም ተከለከለበት፤ ክልከላው ከዚያ በኋላ በወጣው በአዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ጸንቶ ቀጠለ። በዚያው በ1996ቱ አዋጅ ደግሞ የኅብረት ስምምነት ዘመኑ አልፎ በሦስት ወር ውስጥ ካልታደሰ፣ ስለ ደመወዝና ስለ ጥቅም የሚናገረው ክፍል ይቀራል ተባለ። እንግዲህ አብራሪው ውሉ በዝምታ ሊያልፍበት ይችላል ማለት ነው፤ እጁን መሰብሰብ ግን አይችልም። በእጁ ፈንታ የተሰጠው ጉዳዩን የሚያይ ጊዜያዊ ቦርድ ነው።

ክልከላው ያለ ምክንያት አይደለም። አውሮፕላን ሲቆም የሚጎዳው አሠሪው ብቻ አይደለምና፤ መንገደኛውና በሽተኛው፣ የአገሩም ንግድ አብረው ይጎዳሉ። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች ሥራ ባቆሙ ጊዜ ነገሩ የአገር ጭንቀት እንደነበረ እናስታውሳለን፤ ከእነርሱም 9 ሰዎች ታስረው ነበር። የሕዝብን ደኅንነት አሳልፎ የሚሰጥ መብት አለ ብለን አንከራከርም።

ነገር ግን ሕግ ከሰው እጅ መሣሪያ ሲቀበል፣ የተቀበለውን የሚያህል ዋስትና መመለስ ይገባዋል። የቦርዱ አባላት ሳይሟሉ ወራት ቢያልፉ፣ ፍርዱ ቢዘገይ፣ ወይም የወደቀ ውል የሚነሣበት መንገድ ባይኖር፣ የተከለከለው ሠራተኛ ብድሩን እንዳልተከፈለ ሰው ይቆጠራል። ውሉ በፍጥነትና በገለልተኛ ዳኛ የሚጠበቅለት ሠራተኛ ግን ሥራ ማቆምን አያስብም፤ ቢያስብም አሳቡ ከአፉ አይወጣም። እኛ በየመሥሪያ ቤቱ የምንገኝ ሰዎች፣ በጠረጴዛችን ላይ የሚያድር እያንዳንዱ የአቤቱታ ወረቀት የአንድ ሰው የተሰበሰበ እጅ መሆኑን ልብ ልንል ይገባናል።

ከፎገራ ስንነሣ ፀሐይ ወደ ጣና ዘቅዝቃ ነበር። ሽማግሌው ነዶውን ሲያስሩ የነበሩትን ጎረቤታቸውን፣ «ነገ ያንተ ነው፤ በማለዳ እንመጣለን» ሲሉ ሰማናቸው። ወረቀትም ፊርማም አልነበረም። ጎረቤትየውም ይመጡ እንደሆነ ሳይጠራጠር ማጭዱን ሰብስቦ ወደ ቤቱ ሄደ። መልካም ሕግ ለአብራሪውም ሆነ ለሌላው ሠራተኛ ሊሰጠው የሚገባው ይህንኑ ያለ ጥርጣሬ ወደ ቤት መሄድን ነው።