የሞተር እስትንፋስና የጅማ መንገድ



በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን ከጅሬን ኮረብታ ግርጌ በሂርማታ ገበያ ይከማች የነበረው ቡና ወደ ሸዋ የሚጓዘው በበቅሎና በአህያ ጀርባ ነበር። ነጋዴው የጭነቱን ልክ የሚወስነው በከብቱ ጉልበት ነው፤ ከብቱ ዳገት ላይ ሲያለከልክ ጭነቱን አውርዶ ያሳርፈዋል እንጂ ሳንባውን ላስፋለት ብሎ አያስብም። በበቅሎ ፋንታ መኪና ከተተካ ወዲህ ግን ሰው ይህንንም አስቦአል። የዛሬው ንግግራችን ስለዚሁ፥ ይኸውም ባለመኪናው በገዛ እጁ የሞተሩን የአየር መተላለፊያ በሞረድ አስተካክሎ ጉልበት ለመጨመር ስላደረገው ጥረት ነው።

የመጀመሪያዪቱ መኪና አዲስ አበባ የገባችው በ1900 ዓ.ም ሲሆን፥ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ለዳግማዊ ምኒልክ ያመጣት ናት። ወደ ጅማ ከባድ መኪና መመላለስ የበዛው ግን ኢጣልያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም አገራችንን ይዘው በነበረበት ጊዜ ጅማን የአንድ ግዛታቸው ዋና ከተማ አድርገው የመኪና መንገድ ካወጡ በኋላ ነው። ጠላት ሲባረር ሁለት ነገር ትቶ ሄደ፤ አንዱ መንገዱ ነው፥ እርሱንም በ1943 ዓ.ም የተቋቋመው የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን አደሰው። ሁለተኛው የጋራዡ ቋንቋ ነው። መካኒካችን እስከ ዛሬ የሞተሩን ራስ ቴስታታ፥ የአየሩን በር ቫልቮላ፥ የእሳቱን መለኮሻ ካንዴላ፥ በብረቱ መካከል የሚገባውን ማሸጊያ ጓርኒሲዮን ይለዋል። የጭነት ሾፌሮች «ኤንትሬ» የሚሉት የፊያት 682 መኪናም ስሙን ያገኘው ከዚያው ከጣሊያንኛው ሦስት ቍጥር ነው።

ሞተር በነዳጅ ብቻ ይሠራል ብሎ የሚያስብ ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን ነዳጅ ያለ አየር አይቃጠልም፤ ሲሊንደሩ በአንድ ጊዜ ሊስብ የሚችለው አየር ምን ያህል እንደሆነ ጉልበቱም በዚያው ልክ ነው። አገራችን ደግሞ ከፍተኛ ናት። በአዲስ አበባ፥ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ያህል ላይ፥ አየሩ ከባሕር ዳሩ አየር ከመቶ 20 እጅ ያህል የሳሳ ነው። በጅማ በ1,780 ሜትር ላይ ጕድለቱ ከመቶ 16 ያህል ሲሆን፥ ወደ 1,100 ሜትር ግድም በሚወርደው በግቤ ሸለቆ ከመቶ 10 ይጠጋል። እንግዲህ ቱርቦ ያልተገጠመለትና 100 የፈረስ ጉልበት አለው የተባለ ሞተር ከአጋሮና ከሊሙ ቡናውን ጭኖ ሲነሣ ገና ከበሩ 16ቱን አጥቶአል ማለት ነው። የጠፋውን ለመመለስ ሰው ሞረድ ቢያነሣ አይፈረድበትም።

ይህን ሥራ ከግምት ወደ ልክ ካደረሱት ሰዎች አንዱ እንግሊዛዊው ሃሪ ዌስሌክ ነው። እርሱ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ዓመታት በቴስታታ ውስጥ አየር እያሳለፈ ምን ያህል እንዳለፈ ይለካ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1948 ለታየው ለጃጓር ኤክስ ኬ ሞተር ቴስታታም ዕውቀቱን አውሎአል። ካርሎ አባርት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1949 ድርጅቱን አቋቁሞ፥ ኋላ ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ በአዲስ አበባ በታክሲነት የምናውቃትን ሴይቼንቶን፥ ማለት ፊያት 600ን፥ ለእሽቅድድም አበቃት። እ.ኤ.አ. በ1955 ስትወጣ ጉልበትዋ ከ21 እምብዛም የማያልፍ ነበር፤ አባርት 850 የተባለችው ግን 52 ደረሰች። ይህን ሰምቶ ሁሉንም ሞረድ ሠራው የሚል ቢኖር ተሳስቶአል፤ አባርት ሲሊንደሩን አስፍቶአል፥ የነዳጁን እመቃም ጨምሮአል። በዚያች መኪና እንኳ የአየሩ ቧንቧ ከቴስታታው ጋር አንድ ሆኖ የተቀለጠ ስለሆነ ሞረድ የሚደርስበት ስፍራ ጥቂት ነው።

ታዲያ በእጅ የሚገኘው ጥቅም ወዴት ነው? አየር እንደ ውኃ ነው፤ የሚያውከው የቦዩ ጥበት ብቻ ሳይሆን ድንገተኛው መታጠፊያና ጠርዙ ነው። ብረቱ ቀልጦ ሲፈስስ የቀረው ሻካራ ጠርዝ፥ ከቧንቧውና ከጓርኒሲዮኑ ቀዳዳ ጋር ያልተጋጠመው ከንፈር፥ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከቫልቮላው መቀመጫ በታች አየሩ ወደ ሲሊንደሩ የሚታጠፍበት ክርን፥ እነዚህ ቢለሰልሱ ሞተሩ ይተነፍሳል። ብዙ ሰው ግን በብርጭቆ ወረቀት ቦዩን እንደ መስተዋት ሲወለውል ይውላል። ይህ ለዐይን ነው። በቤንዚን ሞተር የመግቢያው ግድግዳ ጥቂት ሻከር ቢል የቤንዚኑ ጠብታ ግድግዳው ላይ እንዳይቀር ይረዳል፤ መወልወል የሚጠቅመው ጥቀርሻ እንዳይይዘው በጢስ መውጫው በኩል ነው።

ከሁሉ የከፋው ስሕተት ማስፋት ነው። የሰፋ ቦይ አየሩን ያዘገየዋል፤ ሞተሩ በፍጥነት ሲዞር ጥቂት ጉልበት ቢሰጥም በዝግታ ሲዞር ይደክማል። ከግቤ በከባድ ማርሽ የሚወጣ መኪና የሚፈልገው ይህንኑ የዝግታውን ጉልበት ነው! በብዙ የናፍጣ ሞተሮችም መግቢያው ጠማማ የሆነው አየሩ በሲሊንደሩ ውስጥ እንዲሽከረከር ታስቦ ነው፤ ጠማማውን ላቅናው ያለ ሰው መኪናውን ጥቁር ጢስ ያስተፋዋል። በዚያ ላይ ከግድግዳው በስተጀርባ የውኃው መዞሪያ አለ። ሞረዱ ያንን ከበሳው፥ ቡና በሚለቀምበት በጥቅምትና በኅዳር መኪናው ቆመ፤ የሾፌሩም የረዳቱም ቤት አብሮ ይቆማል።

ከፍታን በሌላ መንገድ የታገሉም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1917 በጀርመን አገር የተሠራው የቢ.ኤም.ደብልዩ የአውሮፕላን ሞተር እመቃው በጣም ከፍ የተደረገ ስለነበረ ሙሉ ጋዝ የሚሰጠው ወደ ሰማይ ከወጣ በኋላ ነበር። በእኛም አገር የቤንዚን መኪና ቴስታታ አስላጭቶ እመቃውን ማብዛት በደጋ ላይ ያዋጣል፤ ነገር ግን ለአዲስ አበባ የተስማማው ሞተር ወደ ግቤ ሲወርድ ማንኳኳት ይጀምር ይሆናልና ባለመኪናው የሚወርድበትን ቆላ አስቀድሞ ያስብ።

የዌስሌክን የመለኪያ መሣሪያ በየጋራዡ ማግኘት አይቻል ይሆናል። ቢሆንም ከቶርኖ ቤት የሚገኝ ስስ መለኪያ፥ አንድ ቀዳዳ ያለው የመስተዋት ቍራጭና ከፋርማሲ የተገዛ ስሪንጅ ብዙ ይሠራሉ። ቫልቮላዎቹ ተገጥመው ቴስታታው ይገለበጣል፥ መስተዋቱ በግራሶ ተለጥፎ ይከደንበታል፥ በቀዳዳውም ላምባ በስሪንጅ እየተለካ ይሞላል። አንዱ ጕድጓድ ከጎረቤቱ የበለጠ ከጠጣ ልዩነቱ በወረቀት ይጻፋል፤ ሞረዱ የሚነሣው ከዚያ በኋላ ነው።