የጎንደር ነጋዴዎችና ባለእጆች ስለ መደጋገፋቸው

ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ግድም ጎንደርን መቀመጫቸው ካደረጉ በኋላ ከተማዪቱ የነገሥታት ግንብና የአብያተ ክርስቲያናት አገር እየተባለች ስትጠራ ኖራለች። የታሪክ ጸሐፊዎችም አብዛኛውን ጊዜ የጻፉት ስለ ነገሡትና ስለ ተሾሙት፥ ስለ ጦርነቱና ስለ ሃይማኖት ጉባኤው ነው። ነገር ግን ንጉሥ ግንብ ቢያሠራ ድንጋዩን የጠረበ ኖራውን ያቦካ ሰው አለ፤ ካህንም ለብሶ ቢቀድስ ጥጡን የፈተለች ሴትና ሸማውን የሠራ ሸማኔ አሉ። እነዚህ ሰዎች እርስ በርሳቸው ባይደጋገፉ ኖሮ ጎንደር ለሁለት መቶ ዓመት ያህል የመንግሥት ከተማ ሆና ባልቆየችም ነበር።

የሚኖሩበት ሰፈር ግን አንድ አልነበረም። በዐፄ ዮሐንስ ጻድቁ ዘመን፥ በ1660 ዓ.ም. ግድም በተደረገው ጉባኤ እስላሞቹ ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲቀመጡ ተወሰነ፤ በ1670 ዓ.ም. ደግሞ ውሳኔው ጸና። ስለዚህ በቀሃ ወንዝ አጠገብ እስላም ቤት የሚባለው፥ በኋላ አዲስ ዓለም የተባለው ሰፈር ተቋቋመ። ቤተ እስራኤልም በካይላ ሜዳ ተቀመጡ። በ1762 ዓ.ም. ወደ ጎንደር የመጣው የስኮትላንድ ሰው ጄምስ ብሩስ፥ ከተማዪቱ በሰላም ጊዜ ዐሥር ሺህ ያህል ቤተ ሰብ እንዳለባት፥ የእስላሞቹም ሰፈር ሦስት ሺህ ያህል ቤት እንደ ነበረው ጽፏል። የንጉሡን ድንኳን የሚተክሉና ጓዙን የሚጠብቁ እስላሞቹ እንደ ነበሩም አይቷል። እንግዲህ አዋጁ መኖሪያን ለየ እንጂ ሥራን አልለየም። ንጉሡ ራሳቸው ከከተማው ዳር ያስቀመጧቸውን ሰዎች ሳይጠሩ ድንኳን ማስተከል አልቻሉም።

ከሰፈር ወደ ሰፈር ይሄድ የነበረውን የሥራ ትስስር ለማየት የብራና መጽሐፍን መመልከት ይበቃል፤ ምስክሩም በውስጡ የተጻፈው ቃል ሳይሆን ራሱ የመጽሐፉ አካል ነው። አንድ ዳዊት ለመጻፍ አስቀድሞ የብዙ ፍየል ቆዳ ያስፈልጋል። ባላገሩ ቆዳውን ወደ ገበያ ያወጣል፤ ብራና ፋቂው ገዝቶ በውኃ ይዘፈዝፈዋል፥ በእንጨት ላይ በገመድ ወጥሮም ሥጋውንና ጠጕሩን ይፍቀዋል። የሚፍቅበት ስለት ግን ከቀጥቃጩ ቤት የወጣ ነው፤ ቀጥቃጩም በጎንደርና በዙሪያዋ ብዙውን ጊዜ ከቤተ እስራኤል ወገን ነበረ። ጥቁሩን ቀለም ከጥላሸትና ከተቈላ እህል የሚቀምም ሰው አለ፤ ጸሐፊው መቃ ቀርጾ ብርዕ ያደርጋል። ለመጽሐፉ ገበታ የሚሆነውን የዋንዛ ወይም የወይራ እንጨት ጠራቢው ያመጣል። ደጓሹ ጥራዙን በጅማት ሰፍቶ ገበታውን በቀይ ቆዳ ይሸፍነዋል፤ በእሳት በጋለ ብረትም መስቀልና ሐረግ ያትምበታል፤ ያም ብረት እንደ ገና የቀጥቃጩ ሥራ ነው። የገበታው ውስጠኛ ፊት ባዶ እንዳይሆን ቍራጭ ጨርቅ ይለጠፍበታል፤ በአንዳንድ መጽሐፍ ላይ ይህ ጨርቅ ከህንድ አገር ወይም ከዐረብ አገር በምጽዋ በኩል የገባ ሐር ሆኖ ይገኛል። ያመጣው የአዲስ ዓለም ነጋዴ ነው። በመጨረሻ ማኅደሩን ቆዳ ሰፊው ይሰፋል። እንግዲህ ዲያቆኑ የሚሳለመው ዳዊት ክርስቲያኑ የጻፈው፥ ቤተ እስራኤሉ ብረቱን ያበጀለት፥ እስላሙ ሐሩን በበቅሎ የጫነለት ነው። አንዱ ቢጐድል ሌላው እጁን አጣጥፎ በተቀመጠ ነበር።

ሸማውም እንዲሁ ነው። ጥጡ ከቆላ ይመጣል፤ ሴቲቱ ዳምጣ፥ ነድፋ፥ በእንዝርት ፈትላ ልቃቂቱን ወደ ሸማኔው ትወስዳለች፤ ሸማኔውም ደሞዙን በእህል ወይም በአሞሌ ጨው ይቀበላል። ቅማንቶች ከዙሪያው ተራራ እንጨት ተሸክመው ወደ ከተማው ያመጣሉ፤ ያለዚያ እንጨት ጠላ ጠማቂዪቱም ሸክላ ሠሪዪቱም እሳት አያገኙም ነበር።

ይህ ሁሉ መደጋገፍ ግን አንድ ትልቅ ነውር ነበረበት። ቤተ እስራኤል ርስት ስለ ተነፈጉ በብረት፥ በሸክላ፥ በሽመናና በግንበኝነት ኖሩ፤ በነገሥታቱ ሕንጻ ላይም ከሠሩት ሠራተኞች መካከል እነርሱ ነበሩ። ባላገሩ ማረሻውን ከቀጥቃጩ እጅ ተቀብሎ መሬቱን አረሰ፤ ሲመሽ ግን ያንኑ ሰው ቡዳ ነው፥ በሌሊት ጅብ ይሆናል ብሎ ስሙን አከፋ። ሸክላ ሠሪዪቱ ያበጀችው ምጣድ በየቤቱ እሳት ላይ ተጣደ፤ እርስዋ ግን ከማዕድ ተለየች። ይልቁንም የሚያስገርመው የቅኔ ቤት ነገር ነው። የቅኔ መምህር ለተማሪው ሰምና ወርቅን ሲያስተምር ቃሉን የተዋሰው ከአንጥረኛው ነው፤ አንጥረኛ መስቀል ሲያበጅ አስቀድሞ በሰም ይቀርጸዋል፥ በጭቃም ይለብጠዋል፥ ሰሙ በእሳት ቀልጦ ሲወጣ ወርቁ ወይም ብሩ በስፍራው ይፈስሳል። ቤተ ክርስቲያን ከትምህርቷ ሁሉ ለረቀቀው የባለእጁን ስም ስትሰጥ፥ ባለእጁ ራሱ በጠይብነቱ ተሰደበ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሥራው ምክንያት መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር፤ ነገር ግን የቆየ ልማድ በአንድ አዋጅ አይጠፋም።

የነጋዴዎቹ መደጋገፍ ደግሞ ሌላ መልክ ነበረው። ከጎንደር አንዱ መንገድ በወገራና በሊማሊሞ ወርዶ፥ ተከዜን ተሻግሮ በሽሬና በዐድዋ ወደ ምጽዋ ይሄዳል፤ ሁለተኛው በጭልጋና በወህኒ ወደ መተማ ይወርዳል፤ ሦስተኛው በይፋግና በደሪጣ በኩል ወደ ጎጃም ይዘልቃል። መንገዱ ሽፍታና ኬላ የበዛበት ስለ ሆነ ነጋዴ ብቻውን አይወጣም። አንዱ ሌላውን እየጠበቀ፥ አህያና በቅሎ እያሰባሰበ ይጓዛል፤ ነጋድራስ የተባለው አለቃም ስለ ቀረጡ ከኬላ ሹም ጋር ይነጋገራል። ከደቡብ ቡና፥ ዝባድ፥ ዝሆን ጥርስ፥ ሰምና ወርቅ ይመጣል፤ ከባሕር ማዶ ሐር፥ ጨርቅ፥ ዶቃና ቅመም ይገባል። በዚያ ዘመን በዚሁ መንገድ ከተሸጠው መካከል የሰው ልጅም እንደ ነበረበት መሸሸግ አይገባም።

ትልቁ ነጋዴ ያመጣውን ሁሉ ራሱ አይቸረችረውም። ለትንሹ ነጋዴ በዱቤ ይሰጠዋል፤ ትንሹም ዋስ ጠርቶ ይቀበልና ከገበያ ወደ ገበያ አዙሮ ሸጦ ይከፍላል። የዱቤው መሠረት መታወቅ ነው፤ ቃሉን ያጠፈ ሰው ሁለተኛ ዋስ አያገኝም። ዕቁብ የሚባለውም ሥርዐት በዚሁ መተማመን ላይ የቆመ ነው። ማኅበርተኞቹ በየሳምንቱ ወይም በየወሩ እኩል ገንዘብ ያዋጣሉ፤ ዕጣ የወጣለት ሰው የሁሉን መዋጮ በአንድ ጊዜ ይወስዳል፥ የኋለኛው እስኪደርሰው ድረስም መክፈሉን እንዳይተው ዋስ ያስይዛል። አራጣ የለበትም። ቤቱ የፈረሰበት ወይም ሠርግ የደረሰበት ቢኖር ዳኛው ማኅበርተኞቹን አማክሮ ዕጣውን ያስቀድምለታል። ባንክ ደጁን ለማያስረግጠው ሸማኔና ለቸርቻሪዋ ሴት መነሻ ገንዘብ የሚገኘው እንደዚህ ባለው መንገድ ነው። ልዩ ልዩ ሃይማኖት ያላቸው ሰዎች በአንድ ዕቁብ ሲገቡም ይታያል፤ ዕጣው የማንንም ሰፈር አይጠይቅምና።

ከተማዪቱ በተዘረፈች ጊዜ የመደጋገፉ ዋጋ ከመጥፋቱ ታወቀ። በ1859 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ጎንደርን አስበዘበዙ፥ አብያተ ክርስቲያናቱንም አቃጠሉ፤ በ1880 ዓ.ም. ደግሞ ድርቡሾች ገብተው የተረፈውን አቃጠሉ። ግንቡ ቆመ፥ ገበያው ግን ተበተነ። ነጋዴው ወደ ሌላ አገር ሲሸሽ ለሸማኔው ጥጥ የሚያመጣለት ታጣ፤ ካህናቱ ሲበተኑም ብራና ፋቂውና ደጓሹ ሥራ ፈቱ። ጎንደር ከዚህ በኋላ እንደ ቀድሞው ለመሆን ብዙ ዘመን ፈጀባት።

ኢጣልያኖች በ1928 ዓ.ም. ገብተው ኅዳር 1934 ዓ.ም. እስኪወጡ ድረስ በግንቡ አጠገብ ዛሬ ፒያሳ የሚባለውን ሰፈር ሠሩ። ከእነርሱም በኋላ የፋብሪካ ጨርቅና የቆርቆሮ ዕቃ እየበዛ ሄደ። ሸማኔው አቡጀዲን በርካሽነት ሊያሸንፈው አልቻለም፤ የቆየው ጥለት ያለውን ነጠላና ቀሚስ በመሥራት ነው፤ ምክንያቱም ለበዓልና ለቤተ ክርስቲያን የሚለብስ ሰው ፋብሪካውን ትቶ ወደ እርሱ ይመጣ ነበር። በዚህ ነገር ቤተ ክርስቲያን ሳታስበው የትንሹ ባለእጅ ደንበኛ ሆና ኖረች።

ቤተ እስራኤል በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፥ ኋላም በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሄዱ። ከጎንደር በስተሰሜን፥ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለችው ወለቃ የእነርሱ የሸክላ ሠሪዎች መንደር ነበረች። መንገደኛ እየቆመ ጀበናውንና ምጣዱን፥ የአንበሳና የሰው ምስል ያለበትንም ትንንሽ ሸክላ ይገዛቸው ነበር። እነርሱ ከሄዱ በኋላ መንደሪቱ ባዶ አልቀረችም። አፈሩ የት እንደሚቈፈር፥ ጭቃው እንዴት እንደሚታሽ፥ እሳቱም መቼ እንደሚበቃው ከአጠገባቸው ኖረው ያዩ ክርስቲያን ሴቶች ሥራውን ያዙት። አባቶቻቸው ያንን ጭቃ በመንካት ሰውን ይንቁ ነበር፤ ልጆቻቸው ግን በዚያው መንገድ ዳር ሸክላውን ደርድረው መንገደኛ ይጠብቁ ጀመር።