የመጪ ጨዋታ ኮንሶሎች የሃርድዌር ግምት

የመጪ ጨዋታ ኮንሶሎች የሃርድዌር ግምት ማለት አንድ የቪዲዮ ጨዋታ መሣሪያ ገና ለገበያ ሳይቀርብ፣ ብዙ ጊዜም አምራቹ ስሙን እንኳ ሳይናገር፣ በውስጡ ምን ዓይነት ፕሮሰሰር፣ ምን ያህል ሜሞሪና ምን ዓይነት ማከማቻ እንደሚኖረው ከውጭ ሆኖ የመገመት ልማድ ነው። የግምቱ ምንጮች ሾልከው የወጡ ሰነዶች፣ የቺፕ አምራቾች የሙከራ መረጃዎች፣ የፓተንት ማመልከቻዎች፣ አንዳንዴም ተራ ጭምጭምታ ናቸው። በጣም የታወቀው ምሳሌ ፕሌይስቴሽን 5 እና ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ ከመውጣታቸው በፊት በ2019 እና በ2020 የተካሄደው ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

ግምቱ ብዙ ጊዜ በአንድ ቁጥር ይጠቃለላል። በ1990ዎቹ ቁጥሩ «ቢት» ነበር፤ ከ2013 ወዲህ «ቴራፍሎፕ» ሆኗል። ሾልኮ የወጣው ቁጥር ትክክል ሆኖ የተገኘበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ብዙውን ጊዜ የተሳሳተው ለቁጥሩ የተሰጠው ትርጉም ነው።

ግምቱ ከየት ይመጣል

ኮንሶል በአንድ ጀንበር አይሠራም። የዋናው ቺፕ ንድፍ መሣሪያው ከመሸጡ ከዓመታት በፊት ይጀመራል። ጨዋታ የሚሠሩ ኩባንያዎችም ጨዋታቸው ለሽያጩ ቀን እንዲደርስ የመሥሪያ ሞዴሎችንና መመሪያዎችን ቀደም ብለው ይቀበላሉ። ስለዚህ ምሥጢሩን የሚያውቁት ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ሁሉም የምሥጢር ጥበቃ ውል ቢፈርሙም ወሬው በአንድ ቀዳዳ መውጣቱ አይቀርም።

ሌላው ምክንያት የቺፕ አምራቾች ማነስ ነው። በ2006 የወጣው ፕሌይስቴሽን 3 ሶኒ ከቶሺባና ከአይቢኤም ጋር የነደፈውን «ሴል» የተባለ ልዩ ፕሮሰሰር ይጠቀም ነበር፤ ይህን ከውጭ ሆኖ መተንበይ አስቸጋሪ ነበር። ከ2013 ጀምሮ ግን የሶኒም ሆነ የማይክሮሶፍት ኮንሶሎች ዋና ቺፕ የሚመጣው ከኤኤምዲ ነው። ኤኤምዲ ለኮምፒውተር ገበያ የሚያወጣቸውን ቺፖች የሚከታተል ሰው ቀጣዩ ኮንሶል ከየትኛው የቺፕ ትውልድ እንደሚሠራ በግምት ሊደርስበት ይችላል። የቀረውን ዋጋው ይወስነዋል። ፕሌይስቴሽን 4 በ399 ዶላር፣ ኤክስቦክስ ዋን በ499 ዶላር፣ የዲስክ ማጫወቻ ያለው ፕሌይስቴሽን 5 ደግሞ በ499 ዶላር ነው ገበያ የገቡት። በዚህ ዋጋ የሚሸጥ መሣሪያ የቺፑ ስፋት፣ የሚወስደው ኤሌክትሪክና የሚያወጣው ሙቀት ወሰን አለው። ከዚህ ወሰን የሚያልፍ ጭምጭምታ ከመጀመሪያው ሊጠረጠር ይገባል፤ በተግባር ግን ይበልጥ የሚሰራጨው እንዲህ ያለው ነው።

ቴራፍሎፕ

ቴራፍሎፕ አንድ ቺፕ በሰከንድ አንድ ትሪሊዮን የአስርዮሽ ቁጥር ስሌት ማከናወን እንደሚችል የሚገልጽ መለኪያ ነው። በኮንሶሎቹ ውስጥ ላሉት የኤኤምዲ ግራፊክስ ቺፖች የሚገኘው በተራ ማባዛት ነው። የቺፑ የስሌት ክፍሎች ብዛት በ64 ይባዛል፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ክፍል 64 ትናንሽ ስሌት ሠሪዎች አሉት። ውጤቱ በ2 ይባዛል፤ እያንዳንዱ ስሌት ሠሪ በአንድ የሰዓት ምት አንድ ማባዛትና አንድ መደመር አብሮ ይሠራልና። በመጨረሻ በቺፑ የምት ፍጥነት ይባዛል። ለምሳሌ ፕሌይስቴሽን 4 በ800 ሜጋኸርዝ የሚሠሩ 18 የስሌት ክፍሎች አሉት፦

18 × 64 × 2 × 0.8 = 1,843 ጊጋፍሎፕ፣ ማለትም 1.84 ቴራፍሎፕ።

ስሌቱ የሚያሳየው ሁሉም ስሌት ሠሪዎች ያለ አንዳች ዕረፍት ቢሠሩ የሚደረስበትን ጣሪያ ነው። በእውነተኛ ጨዋታ ውስጥ ቺፑ ከሜሞሪ መረጃ እስኪመጣለት የሚጠብቅበት ጊዜ አለ፤ ቁጥሩ ይህን አይቆጥርም። የተለያየ ንድፍ ያላቸውን ቺፖችም በእሱ ማወዳደር ያሳስታል። ይሁንና ሁለት ግብዓቶች ብቻ፣ የክፍሎቹ ብዛትና የምት ፍጥነቱ፣ ከታወቁ ማንም ሰው በስልኩ ካልኩሌተር ሊያወጣው ስለሚችል ለግምት እጅግ ይመቻል።

ከቢት ዘመን እስከ ድሪምካስት

አታሪ በ1993 «ጃጓር» የተባለውን ኮንሶሉን ባለ64 ቢት ብሎ አስተዋወቀ። ከውስጥ ቺፖቹ ከፊሎቹ በእርግጥ በ64 ቢት ይሠሩ ነበር፤ ከእነሱ ጋር የነበረው ሞቶሮላ 68000 ፕሮሰሰር ግን በ1979 የወጣ አሮጌ ቺፕ ነበር። ጃጓር በሽያጭ ወደቀ።

ገና ያልወጣ መሣሪያ ቁጥር በገበያ ላይ ያለውን ምን ያህል እንደሚጎዳ የሚያሳየው የሴጋ ድሪምካስት ታሪክ ነው። ድሪምካስት በጃፓን በኖቬምበር 1998፣ በሰሜን አሜሪካ ደግሞ በሴፕቴምበር 1999 ወጣ። ሶኒ ፕሌይስቴሽን 2ን ያስተዋወቀው በማርች 1999፣ ድሪምካስት አሜሪካ ከመግባቱ ከስድስት ወር በፊት ነበር። ይፋ ካደረጋቸው ቁጥሮች መካከል 6.2 ጊጋፍሎፕ እና በሰከንድ እስከ 66 ሚሊዮን ፖሊጎን ይገኙበታል። የፖሊጎኑ ቁጥር የተሰላው ብርሃንና የገጽ ሥዕል ሳይጨመር ስለነበረ የትኛውም እውነተኛ ጨዋታ አልቀረበውም። ቢሆንም ብዙ ገዢዎች ገንዘባቸውን ይዘው ፕሌይስቴሽን 2ን ጠበቁ። መጪው መሣሪያ የዲቪዲ ፊልም ማጫወቱም ለመጠበቅ በቂ ምክንያት ሆነ። ሴጋ በጃንዋሪ 2001 መጨረሻ ድሪምካስትን ማምረት እንደሚያቆም አስታወቀ፤ ከዚያ በኋላም ኮንሶል አልሠራም። የድሪምካስት ውድቀት ሌሎች ምክንያቶችም አሉት፤ ቀደምት የሴጋ መሣሪያዎች ያስከተሉት ኪሳራና የገዢ አመኔታ መቀነስ ከነሱ ውስጥ ናቸው።

በ2005 ደግሞ ማይክሮሶፍት ለኤክስቦክስ 360 አንድ ቴራፍሎፕ፣ ሶኒ ለፕሌይስቴሽን 3 ሁለት ቴራፍሎፕ የሚል ቁጥር አቀረቡ። ከስምንት ዓመት በኋላ የወጣው ፕሌይስቴሽን 4፣ ከላይ በተሰላው መንገድ፣ 1.84 ብቻ መሆኑ የእነዚያ ቁጥሮች አቆጣጠር ምን ያህል ልቅ እንደነበረ ያሳያል።

2013፦ ቁጥሩ የታመነበት ጊዜ

ከ2012 ጀምሮ «ኦርቢስ» እና «ዱራንጎ» በሚሉ የምሥጢር ስሞች ስለሚታወቁ ሁለት ኮንሶሎች ሰነዶች መውጣት ጀመሩ። ኦርቢስ ፕሌይስቴሽን 4፣ ዱራንጎ ኤክስቦክስ ዋን ሆነው ወጡ። ግምቱ በአብዛኛው የተሳካ ነበር፤ ዋናው ስሕተት ሜሞሪ ላይ ነው። ለፕሌይስቴሽን 4 ይጠበቅ የነበረው 4 ጊጋባይት ሲሆን ሶኒ በፌብሩዋሪ 20 ቀን 2013 ባዘጋጀው ዝግጅት 8 ጊጋባይት ጂዲዲአር5 መሆኑን አሳወቀ።

ኤክስቦክስ ዋንም 8 ጊጋባይት ነበረው፤ ነገር ግን ዲዲአር3 የተባለውን ዘገምተኛ ዓይነት በመጠቀም ጉድለቱን 32 ሜጋባይት በሆነ ፈጣን የቺፕ ውስጥ ሜሞሪ ለማካካስ ሞከረ። የዋናው ሜሞሪ የማስተላለፍ ፍጥነት በሰከንድ 68 ጊጋባይት ሲሆን የፕሌይስቴሽን 4 ግን 176 ነበር። ማይክሮሶፍት ከሽያጩ ጥቂት ወራት በፊት የግራፊክሱን ፍጥነት ከ800 ወደ 853 ሜጋኸርዝ ቢያሳድገውም ውጤቱ 1.31 ቴራፍሎፕ ላይ ቀረ።

ልዩነቱ በዓይን ይታይ ነበር። «ኮል ኦፍ ዲዩቲ፦ ጎስትስ» በፕሌይስቴሽን 4 በ1080ፒ፣ በኤክስቦክስ ዋን በ720ፒ ሠራ። የሁለቱ ቺፖች ንድፍ የአንድ ቤተሰብ ስለሆነና የሜሞሪው ልዩነትም ወደ አንድ አቅጣጫ ስላዘነበለ በዚህ ጊዜ ቴራፍሎፕ እውነቱን ተናገረ። ማይክሮሶፍትም ቀጣዩን መሣሪያ በ2016 «ፕሮጀክት ስኮርፒዮ» ብሎ ሲያስተዋውቅ ስድስት ቴራፍሎፕ የሚለውን ቁጥር ፊት ለፊት አስቀመጠ። መሣሪያው በኖቬምበር 2017 ኤክስቦክስ ዋን ኤክስ ተብሎ ወጣ።

ፕሌይስቴሽን 5 እና ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ

በኤፕሪል 2019 የፕሌይስቴሽን 5 ዋና ነዳፊ ማርክ ሰርኒ ለዋየርድ መጽሔት በሰጠው ቃለ ምልልስ፣ የመሣሪያው ስም ገና ሳይነገር፣ ስምንት ኮር ያለው የዜን 2 ፕሮሰሰር፣ በናቪ ላይ የተመሠረተ ግራፊክስ፣ የብርሃን ጨረር ስሌት እና ኤስኤስዲ እንደሚኖሩት ገለጸ። በስፓይደርማን ጨዋታ በፕሌይስቴሽን 4 ፕሮ 15 ሰከንድ የሚፈጀው ከቦታ ወደ ቦታ መዝለል በአዲሱ የሙከራ መሣሪያ 0.8 ሰከንድ ብቻ ሲወስድም አሳየ። ቴራፍሎፕን ግን አልጠቀሰም። ለቀጣዩ አንድ ዓመት ግምቱ ሁሉ ያ ያልተነገረ ቁጥር ላይ አረፈ።

በ2019 መገባደጃ ከኤኤምዲ የሙከራ ሥራ የመጣ መረጃ ጊትሃብ በተባለው የኮድ ማስቀመጫ ላይ መገኘቱ ተሰማ። «ኦበሮን» በሚል ስም የተመዘገበው ቺፕ 36 የስሌት ክፍሎች ነበሩት፤ በ2 ጊጋኸርዝ ሲሠራ 9.2 ቴራፍሎፕ ይሆናል። በመረጃው ውስጥ ቺፑ በ911 እና በ800 ሜጋኸርዝ የተፈተነባቸው ሁኔታዎችም ነበሩ። እነዚህ የፕሌይስቴሽን 4 ፕሮ እና የፕሌይስቴሽን 4 ፍጥነቶች ናቸው፤ 36ም የፕሌይስቴሽን 4 ፕሮ የስሌት ክፍሎች ብዛት ነው። ይህ የሚያመለክተው ቺፑ የቀድሞ ጨዋታዎችን እንዲያስኬድ ታስቦ መሠራቱን ነበር፤ ለመረጃው እውነተኛነት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም። ቢሆንም ብዙዎች 12 እና ከዚያ በላይ የሚሉ ጭምጭምታዎችን መርጠው ሰነዱን አሮጌ ነው ወይም ሐሰት ነው አሉ።

ማይክሮሶፍት በፌብሩዋሪ 2020 ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ 12 ቴራፍሎፕ መሆኑን አስታወቀ፤ ዝርዝሩን በማርች 16 ሰጠ። ሰርኒ ከሁለት ቀን በኋላ በቪዲዮ ቀረበ። ንግግሩ ለጨዋታ ሠሪዎች ጉባኤ የተዘጋጀ ነበር፤ ጉባኤው በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት በመራዘሙ ለሕዝብ ተሰራጨ፤ የመሣሪያውን መልክ ለማየት የተቀመጠ ተመልካችም ስለ ማከማቻ ፍጥነትና ስለ ድምፅ ስሌት ረጅም ትምህርት ተቀበለ። የሁለቱ ኮንሶሎች ስሌት እንዲህ ነው፦

ፕሌይስቴሽን 5፦ 36 × 64 × 2 × 2.23 = 10.28 ቴራፍሎፕ
ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ፦ 52 × 64 × 2 × 1.825 = 12.15 ቴራፍሎፕ

ሾልኮ የወጣው መረጃ በስሌት ክፍሎቹ ብዛት ትክክል ነበር፤ የተለየው የምት ፍጥነቱ ብቻ ነው። ይህ ራሱ አዲስ ክርክር ፈጠረ። የፕሌይስቴሽን 5 ፍጥነት ቋሚ አይደለም፤ ቋሚ የሆነው የሚወስደው የኤሌክትሪክ መጠን ሲሆን ሥራው ሲከብድ ፍጥነቱ በጥቂቱ ይቀንሳል። በዚህ ምክንያት «እውነተኛው 9.2 ነው፤ 10.28 የተጋነነ ነው» የሚል አባባል ተሰራጨ። ሰርኒ በበኩሉ ጥቂት ክፍሎች በከፍተኛ ፍጥነት ሲሠሩ ከስሌት ውጭ ያሉት የቺፑ ክፍሎችም አብረው እንደሚፈጥኑ አስረድቷል፤ ይህን ቴራፍሎፕ አይለካውም።

ሰፊው ልዩነት ያለው በሌላ ቦታ ነበር። የፕሌይስቴሽን 5 ማከማቻ 825 ጊጋባይት ሆኖ በሰከንድ 5.5 ጊጋባይት ያነብባል፤ የሲሪስ ኤክስ 1 ቴራባይት ሆኖ 2.4 ያነብባል። በሜሞሪ በኩል ሁለቱም 16 ጊጋባይት ጂዲዲአር6 አላቸው። የፕሌይስቴሽን 5 ሜሞሪ ሁሉ በሰከንድ 448 ጊጋባይት ያስተላልፋል፤ በሲሪስ ኤክስ ግን 10 ጊጋባይቱ በ560፣ 6 ጊጋባይቱ በ336 ይሠራል። ሁለቱ መሣሪያዎች በኖቬምበር 2020 ሲወጡ የ2013ቱ ዓይነት ግልጽ ልዩነት አልታየም። አብዛኞቹ ጨዋታዎች ተቀራራቢ ነበሩ፤ «አሳሲንስ ክሪድ ቫልሃላ» እንዲያውም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በፕሌይስቴሽን 5 የተሻለ ሠርቷል። በቴራፍሎፕ 18 በመቶ መብለጥ ለተጫዋቹ ዓይን ብዙም አልታየም።

ፕሌይስቴሽን 5 ፕሮ እና የፍሎፕ ግሽበት

በ2024 ስለ ፕሌይስቴሽን 5 ፕሮ በወጡ ወሬዎች 33.5 ቴራፍሎፕ የሚል ቁጥር ገነነ፤ ከመጀመሪያው መሣሪያ ከሦስት እጥፍ በላይ ማለት ነው። ሶኒ በሴፕቴምበር ኮንሶሉን ሲያስተዋውቅ ግን 67 በመቶ ተጨማሪ የስሌት ክፍሎች፣ 28 በመቶ የፈጠነ ሜሞሪና 45 በመቶ ድረስ የፈጠነ ሥዕል ማቅረብ እንዳለው ነበር የገለጸው። ሰርኒ በዲሴምበር ትክክለኛው ቁጥር 16.7 መሆኑን ተናግሮ ሌላውን «የፍሎፕ ግሽበት» ሲል ጠራው።

33.5 የ16.7 እጥፍ መሆኑ በአጋጣሚ አይደለም። አዲሶቹ የኤኤምዲ ንድፎች በአንዳንድ ሁኔታዎች በአንድ ምት ሁለት ትእዛዞችን አብረው መላክ ይችላሉ፤ ይህ ሲቆጠር በወረቀት ላይ ያለው ቁጥር ይታጠፋል፣ የጨዋታው ፍጥነት ግን አይታጠፍም። ኤንቪዲያም በ2020 ባወጣቸው ካርዶች በሌላ መንገድ የስሌት ሠሪዎቹን ቁጥር አጥፎ ነበር። 33.5ን ተማምኖ የጠበቀ ገዢ በኖቬምበር 2024 በ699 ዶላር ያገኘው መሣሪያ ቅር ሊያሰኘው ይችል ነበር፤ የመሣሪያው ጥፋት ግን አልነበረም።

ኔንቴንዶ

ኔንቴንዶ ቁጥሮችን የመናገር ልማድ ስለሌለው ስለ እሱ የሚደረገው ግምት ይበልጥ በሾለከ መረጃ ላይ ይንጠለጠላል። በ2020 እና በ2021 በ4ኬ የሚሠራ «ስዊች ፕሮ» ይወጣል የሚል ዘገባ በሰፊው ታመነ፤ በጁላይ 2021 የቀረበው ግን ስክሪኑ የተሻሻለ፣ ፕሮሰሰሩ ያልተለወጠ ስዊች ኦሌድ ነበር። በ2022 መጀመሪያ ከኤንቪዲያ በተሰረቀ መረጃ ውስጥ የተገኘው «ቲ239» የተባለ ቺፕ ደግሞ በጁን 2025 በወጣው ስዊች 2 ውስጥ ያለው ሆኖ ተገኘ።

ቀጣዩ ትውልድ

ማይክሮሶፍት በጁን 2025 ለወደፊት ኮንሶሎቹ ከኤኤምዲ ጋር አብሮ እንደሚሠራ አስታውቋል። በኦክቶበር 2025 ሰርኒ ከኤኤምዲ ኃላፊ ጃክ ሁዊን ጋር በቀረበበት ቪዲዮ ለብርሃን ጨረር ስሌት ብቻ የተመደቡ ክፍሎችን፣ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የተጣመሩ የስሌት ክፍሎችንና መረጃን በሜሞሪ መንገድ ላይ የሚያጭቅ ዘዴን አስተዋወቀ፤ ቴክኖሎጂዎቹን ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሚወጣ ኮንሶል ላይ ለማዋል ማሰቡንም ገለጸ። ከሦስቱ አንዱም በቴራፍሎፕ የሚለካ አይደለም።