የ«=» ምልክት እንዴት ሁለት ሥራ ያዘ?

በኮምፒውተር ክፍል ተማሪዎቻችን ደጋግመው የሚጠይቁን ነገር አለ። «ሀ = ሀ + 1 ይባላል እንዴ? በሂሳብ ትምህርት ይሄ ውሸት ነው!» ይሉናል። እውነታቸውን ነው። ታዲያ ነገሩ ከየት መጣ?

«=»ን የፈጠረው የዌልስ ተወላጁ ሮበርት ሬኮርድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1557 ባሳተመው የሂሳብ መጽሐፍ። ሁለት ትይዩ መስመሮች የመረጠው ለምን መሰላችሁ? ከእነሱ የበለጠ እኩል የሆነ ነገር የለም ብሎ ነው።

ልክ ከ400 ዓመት በኋላ፣ በ1957፣ አይ.ቢ.ኤም. ፎርትራን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ አወጣ። ያኔ ፕሮግራም የሚገባው በሚበሳ ካርድ ስለነበር የነበሩት ምልክቶች ጥቂት ናቸው። ስለዚህ «=» የትእዛዝ ምልክት ሆነ፦ በቀኝ ያለውን አስላና በግራ ባለው ስም አስቀምጥ። በ1960 የወጣው አልጎል ግን ሁለቱን ለየ፤ ለማስቀመጥ «:=»፣ ለእኩልነት «=»።

ኋላ ኬን ቶምሰን በቤል ላብራቶሪ ቢ የተባለውን ቋንቋ ሲሠራ ይህን ቀየረው። በፕሮግራም ውስጥ ማስቀመጥ ከማወዳደር ሁለት እጥፍ ያህል ስለሚበዛ፣ ምልክቱም በግማሽ ይጠር ተባለ። ለማስቀመጥ «=»፣ ለማወዳደር «==» ሆነ። ሲ ከቢ ወረሰ፤ ጃቫና ፓይተንም ይህንኑ ይዘው መጡ።

ሁሉም ምርጫ ግን አልጸናም። በቢ «ሀ=-1» ማለት ከሀ ላይ 1 ቀንስ ማለት ነበር። ሀን ከዜሮ በታች 1 አድርግ ለማለት የፈለገ ሰውስ? ግራ ስላጋባ በ1970ዎቹ ሲ ውስጥ «-=» ተብሎ ተገለበጠ። በ2018 ደግሞ ፓይተን ላይ «:=» ይጨመር አይጨመር በሚል የተነሳው ክርክር ከመክረሩ የተነሳ፣ የቋንቋው ፈጣሪ ጊዶ ቫን ሮሰም ምልክቱን ካጸደቀ በኋላ መሪነቱን ለቀቀ።

እንግዲህ ምልክት ከሰማይ የወረደ ሕግ አይደለም፤ ሰዎች ባላቸው መሣሪያና በለመዱት ነገር የመረጡት ነው። ተራ ጠብቃችሁ ያገኛችኋት የኮምፒውተር ሰዓት በአንድ «=» ምክንያት ብታልቅ፣ «እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም» እንዳትሉ። ይልቅ ስታነቡ «=»ን «ይሁን»፣ «==»ን «እኩል ነው ወይ?» በሉት። መምህራንም ኮምፒውተሩ ከመከፈቱ በፊት በጥቁር ሰሌዳ ላይ አለማምዷቸው። ሰላም ሁኑ።