የንግድ ቤት የጎርፍ ዝግጅትና ማገገም (ሆሳዕናና የሐዲያና ከምባታ ከተሞች)

ሆሳዕና ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ የከምባታዋ ዱራሜም ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከፍታ ላይ ያለ ከተማ ጎርፍ አያሰጋውም የሚለው ሐሳብ ግን አያስኬድም። በእንዲህ ያለ ቦታ የሚያሠጋው ወንዝ ሞልቶ መውጣቱ ሳይሆን፣ የበልግና የክረምት ዶፍ ከቆርቆሮ ጣሪያ፣ ከአስፋልትና ከተራቆተ ተዳፋት ተጠራቅሞ በደቂቃዎች ውስጥ መውረዱ ነው። ወንዝ ባለበትም ቢሆን ነገሩ ተመሳሳይ ነው፤ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. የደቻቱ ወንዝ ድሬዳዋን በሌሊት ሲያጥለቀልቅ ከ200 በላይ ሰው የሞተው፣ ከከተማዋ በላይ ባሉ ተራሮች የጣለው ዝናብ በድንገት ስለወረደ ነው። ነጋዴ እንግዲህ ደጁን ብቻ ሳይሆን ከሱቁ በላይ ያለውን ቦይም ማየት አለበት። ቦይ መጥረግ የማዘጋጃ ቤት ሥራ ነው የሚል ይኖራል፤ ስለ ዋናው መስመር እውነት ነው። በየሱቁ ደጃፍ ቦዩን የሚደፍነው ግን ብዙ ጊዜ የራሱ የነጋዴው መሸጋገሪያና የዕቃ መጠቅለያ ነው፤ አንዱ ቢጠርግ ጎረቤቱ ቢደፍን ደግሞ ውሃው ተመልሶ ሁለቱንም ያገኛል።

በውስጥ በኩል እህልን፣ ስሚንቶንና ጨርቅን ከወለል ከፍ ባለ ርብራብ ላይ መደርደር፣ የሒሳብ መዝገብና የንግድ ፈቃድ ቅጂ ሌላ ቦታ ማስቀመጥ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። የእሳት መድን የገዛ ሰው ጎርፍም በውሉ ውስጥ መካተቱን ይጠይቅ፤ ብዙውን ጊዜ በተጨማሪ ክፍያ የሚገባ ነው። ውሃው ሲጎድል የመብራት ቆጣሪው ሳይጠፋ ወደ ሱቁ አይገባም። ሱቁ ከመጠረጉ በፊት ጉዳቱ ፎቶ ይነሣል፤ ጎርፍ የነካው እህልና ዱቄት ፀሐይ ላይ ቢሰጣም ለምግብ አይሸጥም፤ ግድግዳው ሳይደርቅ ቀለም መቀባትም ሻጋታውን ከውስጥ ማቆየት ነው።